የአሳማዋ ጆሮ

ሜይ 4

ዛሬም አሳማ አተሩ ውስጥ ገብቶ አደረ። የማን እንደሆነ አልታወቀም። ባለቤቴ ዳማሪስ መጥረጊያ ይዛ በጓሮው ስትሮጥ ከመስኮት አየኋት… እንዲህ ስትሮጥ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! "ክቡር አገረ ገዥ! እስቲ አዋጅ ያውጡልኝ!" ትለኛለች እየሳቀች። አሳማ አዋጅ አይሰማም አልኳት።

"ሰዉስ መቼ ሰምቶህ ያውቃል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት እንደገና መረጡኝ። እንግዲህ አንድ ዓመት ደግሞ የዚህ ቅኝ ግዛት አገረ ገዥ ነኝ። ለምን መረጡኝ? ማንንም ስለማላስቸግር ይመስለኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔን የቸገረኝ ምኑ እንደሚበላ ነው። ጠዋቱን ሙሉ የእመት ብሪግስን አቤቱታ ሳዳምጥ ዋልኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዓሣ ነጋዴው ሚስት ኋላ ተቀመጥኩ ብላ… ማን ከማን ፊት ይቀመጥ የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ። ንጉሡ ከባሕር ማዶ ያጸደቀልኝ ሥልጣን ይኸው ነው። አንድ ወንበር ወደ ፊት አስጠጋኋት። አሁን ደግሞ የዓሣ ነጋዴው ሚስት ልትመጣ ነው።

ሜይ 9

ኩሳማት መጣ። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ባላባት ነው። እኛ ከመርከብ ሳንወርድ በፊት ይህ የቆምኩበት መሬትም የአባቶቹ ነበር። እንደ ልማዱ የልጁን ባል ዋሞሴትን አስከትሎ ነው የመጣው። ዋሞሴት ቋንቋችንን ከኛ ሰው ያላነሰ ይናገራል፤ ይቀልድበታልም።

ያው የአሳማ ነገር ነው። የኛ ሰዎች አሳማ አያስሩም። ጆሮውን በየምልክታቸው ይቆርጡና ጫካ ይለቁታል፤ በመኸር ጊዜ በጆሮው እየለዩ ይሰበስቡታል። የኔ ምልክት ቀኝ ጆሮ ጫፉ ላይ ግማሽ ጨረቃ፣ ግራ ጆሮ መሐል ለመሐል ስንጥቅ ነው። እስከዚያ አሳማው ወንዙን በዋና ተሻግሮ የማዶ ሴቶች እህላቸውን የቀበሩበትን ጉድጓድ ይቆፍራል። ዘንድሮ ለዘር ያስቀመጡትን በቆሎ ሳይቀር ጨርሶባቸዋል።

"ሰዎችህን እዘዛቸው" አለኝ ኩሳማት።

"አዝዣቸዋለሁ።"

"እና?"

"ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።"

ኩሳማት ቀስ ብሎ ተናገረ። ዋሞሴት ሲተረጉምልኝ ዓይኑን ከኔ ዞር አደረገ። "እኔም ማንንም አላዝም። ግን ስናገር ያፍራሉ። ያንተዎቹ አያፍሩም?"



ሲወጡ ዋሞሴት ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ "አሮጊቷ ሰላም ብላሃለች" አለኝ። አሮጊቷ እኔ የሰጠኋቸው እናት አሳማ ናት። ካቻምና በበረዶው ወራት ልናልቅ ስንል በቆሎ በጀርባቸው ተሸክመው መጥተው አተረፉን። እኔ ደግሞ ከመንጋዬ የተሻለችውን መርጬ ላክሁላቸው። በረት ሠርተውላት እንደ አማት ተከብራ ነው የምትኖረው። "ጆሮዋ ላይ ያንተ ምልክት አለ አይደል? ሴቶቹ ላይ ስትቆጣ፣ ዛሬ ገዥው ተቆጡ እንላለን" አለ። ከልቤ ሳቅሁ። በዚህ አገር ስቆጣ የሚፈራኝ ያለው እዚያ በረት ውስጥ ብቻ ነው።

ሜይ 17

ጉባኤ ነበር። እያንዳንዱ ሰው አሳማውን በአጥር ይያዝ ብዬ አቀረብኩ። ምክትሌ ጌርሾም ፒክ ብድግ አለ። "አሳማ እግር ያለው ፍጡር ነው፣ በቆሎ ግን እግር የለውም። አጥር የሚያስፈልገው ለማይሄደው ነው!" ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሐሳቤ ወደቀ።

ቀጥሎ ፒክ የራሱን ሕግ አመጣ። የኛ ሰው የጆሮ ምልክት ያለበት አሳማ ይዞ የተገኘ የማዶ ሰው እንደ ሌባ ይቆጠር። ለገበያ የሚያመጡት ሥጋም ከነጆሮው ይሁን። ጥፋተኛው ይገረፍ፣ ወይም ሸንኮራ እርሻ ላይ እንዲሠራ ለስኳር ደሴቶች በባርነት ይሸጥ… ለአሳማ? ሰው ለአሳማ ይሸጣል? አልኩ። እጅ አወጡ፣ አለፈ፤ የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነው።

በኋላ ፒክ ቢራውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። "ጌታዬ፣ ይህን ይፈርሙልኝ። የአጥሩን ነገር በመኸሩ ጉባኤ እኔው ራሴ አነሣዋለሁ። እኔ ካነሣሁት ደግሞ ያልፋል።" እውነቱን ነው፣ እሱ ካነሣው ያልፋል።

ፈረምኩ። አንድ ሰጥቼ አንድ እቀበላለሁ ብዬ ነው። የበቆሎ ጉድጓዶቹ ይተርፋሉ፤ ሕጉ ደግሞ ማንንም ሳይነካ አቧራ ይጠጣል… ነው ያልኩት።

ሜይ 18

አተሩ አበበ። የተረፈው ማለቴ ነው።

ጁን 23

ዋሞሴት ታሰረ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ገበያ ቀን ነበር። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ፣ "ጌታዬ ደስ ይበልዎ፣ ሌባዎን ያዝንልዎ!" አለኝ። የምን ሌባ? ስወርድ ዋሞሴት እጁን ታስሮ ቆሟል። ከፊቱ የታረደ አሳማ አለ። ጆሮዎቹ፦ ቀኝ ግማሽ ጨረቃ፣ ግራ ስንጥቅ። የኔ ምልክት። አሮጊቷ ናት! መውለድ አቁማ ስታስቸግራቸው አርደዋታል። ሥጋ ከነጆሮው ይምጣ የሚል ሕግ ወጥቷል ሲባል ሰምቶ፣ ሕጉን ላክብር ብሎ ጆሮዋን ሳይቆርጥ ይዟት መጣ። ያከበረው ሕግ ነው ያሳሰረው።

"ገዥ፣" አለኝ ፈገግ ብሎ፣ ጨርሶ አልፈራም፣ "እስቲ ስለ አሮጊቷ ንገራቸው።"

ነገርኳቸው። እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ስጦታ ናት፣ ልቀቁት አልኩ። ዘበኛው ፒክን አየው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሱ ፒክን!

"ምስክር አለ?" አለ ፒክ።

"እኔ ነኛ!"

"ቃሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ነው የሚለው ጌታዬ። እርስዎ አንድ ነዎት።"

"ዳማሪስ ነበረች።"

"ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው። ያም ያው አንድ ምስክር ነው።"

"ኩሳማት ራሱ ይመስክር።"

"መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ ይምላል? በማን ስም?"

አሳማዋን እየነዳ ያሻገራት አሽከራችን ዓምና በትኩሳት ሞቷል። ሌላ ያየ ሰው የለም። የዋሞሴት ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

ጁን 26

ፍርዱ ተሰጠ። የምፈርደው እኔ ነበርኩ፤ ግን አሳማዋ ያንተ ስለሆነች ከወንበሩ ውረድ ተባልኩ። ወረድኩ። ፒክ ወጣበት።

"ባለቤቷ እኔ ነኝ። አልተሰረቅሁም። የምከሰው ሰው የለኝም" አልኩ።

"በደሉ በእርስዎ ላይ አይደለም። በሕጉ ላይ ነው" አለኝ። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በአክብሮት! ይህ ሰው ሲሰድበኝ እንኳ እጅ ይነሣል።

ፈራጆቹ ሁሉ ጎረቤቶቼ ናቸው። በዚያ የበረዶ ወራት ዋሞሴት በቆሎ ያወረደላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። ወደብ ላይ የቆመችው መርከብ ስትሄድ ጭናው ትሂድ፣ ስኳር ደሴቶች ይሸጥ ብለው ፈረዱ።

ምሕረትስ? ከአማካሪዎቹ የሚበልጡት ካልተስማሙ ምሕረት ማድረግ አልችልም። ድምፅ ተሰጠ፣ እኩል ለእኩል ወጣ። ሲከፈል የሚለየው የኔ ድምፅ ነበር። እሱም ነገሩ ስለሚነካኝ አይቆጠርም ተባለ። የኔ አሳማ፣ የኔ ስጦታ፣ በኔ እጅ የተፈረመ ሕግ… ድምፁ ብቻ የኔ አይደለም።

ጁን 28

የዋሞሴት ሚስት ናሹማ መጣች። የኩሳማት ልጅ ናት። ሕፃን አዝላለች። ዳማሪስ ወንበር ሰጠቻት፣ ገንፎ አቀረበችላት። አልነካችውም። ከባሏ ተምራ ቋንቋችንን ትሞክራለች፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ነው የምትናገረው።

"ይወስዱታል?"

አይወስዱትም አልኳት። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ የመጣልኝ ነገር አለ። ማንኛዋም መርከብ እኔ የፈረምኩበት ፈቃድ ካልያዘች ከዚህ ወደብ አትወጣም። እንግዲህ አልፈርምም! ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። "እኔ በዚህ ከተማ እያለሁ ያቺ መርከብ አትነሣም" አልኳት።

አባቷ ዘንድ ስትደርስ እንዳይጠፋባት ቃሉን ደገመችው። እኔ… በዚህ ከተማ… እያለሁ። ጎበዝ፣ እንደሱ ነው አልኳት።

ጁላይ 2

ካፒቴኑ መጣ። "ነፋሱ ተስማምቷል ጌታዬ፣ ፈቃዴን?" ገና ነው አልኩት። ነገ? እናያለን። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? እስከ ዛሬ ስሠራ የማልችለውን ነገር ባለመሥራት ቻልኩት።

ከሰዓት በኋላ የዳማሪስ ወንድም ኤልካና በሩን በርግዶ ገባ። መርከቧ ላይ የደረቀ ዓሣ ጭኗል። "ዓሣዬ ሸተተ! ለአንድ አረመኔ ብለህ ከተማውን ልታደኸይ ነው?" እኔ መልስ ስፈልግ ዳማሪስ ቀደመችኝ። "ያ አረመኔ በቆሎ ባያመጣልህ ኖሮ አንተ ራስህ ዛሬ ሸትተህ ነበር።" ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ። ቆይቶ ደግሞ ሰው ላከበት።

ጁላይ 6

እሑድ። ካህኑ ስለ ዮናስ ሰበከ። በአንድ ሰው ምክንያት የተጨነቀች መርከብ… ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ወደ ባሕር ይጣል የሚሉት እስር ቤት ያለውን ነው ወይስ እኔን? ወንበሬ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የለም። እመት ብሪግስ እንኳ ወደ ኋላ ተመልሳ ተቀምጣለች፤ ያን ሁሉ ለምና ያገኘችውን ቦታ ትታ!

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ ዋሞሴት ሄድኩ። ምሽጉ ውስጥ ነው ያሰሩት። ከስቷል። "አሮጊቷ ሞታም ትናከሳለች" አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። የታሰረው እሱ፣ የሚያጽናናው እሱ።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። "ከስኳር ደሴት ሰው ይመለሳል?"

አትሄድም እኮ አልኩት።

"አውቃለሁ። ግን ይመለሳል?"

የተመለሰ አላየሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ ስለ ነፋስና ስለ ዝናብ አወራሁለት።

ጁላይ 8

ኩሳማት ነገ እኔ ዘንድ ብላ ብሎ ላከብኝ። ጎበዛዝቱ ምሽጉን እንሰብራለን እያሉ ነው አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ገዥው ራሱ መጥቶ ይንገረን ብለዋል። ምሽጉን ቢነኩ የኛዎቹ በመድፍ ይፈጇቸዋል። ገበታውን እምቢ ካልኩ ደግሞ በነሱ ዘንድ ጠብ ነው። መሄድ አለብኝ።

ዳማሪስ አልወደደችውም። "እሱ ይምጣ። አንተ አትሂድ።" ለምን ስላት ምክንያቱን አታውቀውም። ደስ አላለኝም ብቻ አለች።

ፒክ ግን ደገፈኝ። "ጥሩ አስበዋል ጌታዬ። ከሰላም የሚበልጥ ምን አለ?" የራሱን ጀልባና ቀዛፊዎቹን ሰጠኝ። እንዲያውም አንጀቴን በላው። ምናልባት ይህን ሰው አብዝቼ ጠርጥሬዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ጁላይ 9

ሄደች።

ኩሳማት ቤት ኮረብታው ላይ ነው። በልተው ሳይጨርሱ ቁም ነገር አያነሡም፤ እና በላን። በቆሎና ባቄላ፣ የተጠበሰ ዓሣ። ኩሳማት በገዛ እጁ አቀረበልኝ። ናሹማ ልታስተረጉም ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹም አሉ። ስንበላ ልቤ አረፈ፤ ከስንት ቀን በኋላ ምግብ ጣፈጠኝ። የምናገረውን በሆዴ አዘጋጅቻለሁ፦ ታገሡ፣ መርከቧ በእጄ ናት…

ልጁ ነው ቀድሞ ያየው፣ የናሹማ። ጣቱን ወደ ባሕሩ ቀሰረ። ዞር አልኩ። ነጭ ሸራ። የዓሣ አጥማጅ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጁ መጮህ ጀመረ፤ ሸራው አምሮት ነው። ሌላ ሸራ ተጨመረ፣ ደግሞ ሌላ። ከወንዙ አፍ ማዶ፣ ከወደቡ ውጭ…

ኩሳማት አንድ ነገር ተናገረ። ናሹማ አልተረጎመችልኝም። መተርጎም አላስፈለገውም። የማን መርከብ ናት ነው ያለኝ።

የያዝኩትን በቆሎ ገበታው ላይ መለስኩት።

ሕግ አለ፦ አገረ ገዥው ከከተማው ወሰን ከወጣ፣ እስኪመለስ ድረስ ምክትሉ ይፈርማል። ወሰኑ ወንዙ ነው። የማላውቀው ነገር ሆኖ ነው? እኔ ራሴ ምክትል ሳለሁ፣ ያለፈው ገዥ አደን ሲሄድ በሱ ፈንታ ስፈርም ኖሬ! እንዴት ረሳሁት? ጀልባዋ ወንዙን ስታጋምስ ሥልጣኔ ከኋላዬ ቀርቷል፤ እኔ ግን ቀዛፊዎቹን አመሰግን ነበር።

ስመለስ ፒክ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ሕጉን ጠብቄያለሁ ጌታዬ። ማዶ ነበሩ" አለ፣ ጎንበስ ብሎ። ልመታው እጄን አነሣሁ… አወረድኩት።

ጁላይ 10

የሚጻፍ የለም። ነፋሱ ዛሬም ጥሩ ነው።

ጁላይ 15

ተከትላ የምትደርስባት ጀልባ ለመንኩ፤ የሚሰጠኝ ሰው ጠፋ። ለስኳር ደሴቶቹ ገዥ በሌላ መርከብ መልእክት ላክሁ። ሰውየው ነፃ ነው፣ በስሕተት ነው፣ መልስልኝ ብዬ። ከላክሁ በኋላ አሰብኩት… የዚያ አገር ገዥም እንደኔ ከሆነስ?

ዳማሪስ አላለቀሰችም፣ አልወቀሰችኝም። ያን ቀን ደስ አላለኝም ማለቷንም አላነሣችብኝም። ብታነሣብኝ ይሻል ነበር።

ሴፕቴምበር 20

የመኸሩ ጉባኤ። ፒክ ቃሉን ጠበቀ! ተነሥቶ የአጥሩን ሕግ አቀረበ፤ አሳማውን ያላጠረ ይቀጣ አለ። ያለምንም ተቃውሞ አለፈ። ኤልካና ሳይቀር እጁን አነሣ። ሲያልቅ እየመጡ ጨበጡኝ። ይኸው ሐሳብዎ ተሳካ፣ እንኳን ደስ ያለዎት አሉኝ። አመሰግናለሁ እያልኩ ጨበጥኳቸው።

የማዶ ሰዎች ግን በቆሏቸውን ሰብስበው እየለቀቁ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ጫካው ውስጥ፣ ከኛ ርቀው ሊሰፍሩ። የኩሳማት ቤት ፈርሷል። ዛሬ ያጠርንለት ጉድጓድ ባዶ ነው። ኩሳማት ሊሰናበተኝም አልመጣም። ምን ብሎ ይመጣል?

ኦክቶበር 5

ፒክ ማምሻውን በደጅ ሲያልፍ ቆመ። "ጌታዬ፣ እነዚህን አሳሞች ይሰብስቧቸው እንጂ። ሕግ እኮ ነው። ጆሯቸውንም ቶሎ ምልክት ያድርጉባቸው፣ ሌላ ሰው የኔ ናቸው ይላል።" ቢላዋውን ሊያውሰኝ ሁሉ አወጣ። አልወሰድኩም። ሄደ።

ጠዋት ነው የመጡት። የአሮጊቷ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ጓሮው ሙሉ። ናሹማ ነች ነድታ ያመጣቻቸው፣ ልጁን አዝላ። ወንዙን ብቻዋን እንዴት እንዳሻገረቻቸው እግዜር ይወቅ። ዳማሪስ መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ወጣች። አየቻት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

"አባቴ ልኮኝ ነው" አለች ናሹማ። "ስጦታህን ውሰድ። ጆሯቸውን አልነካንም፣ እይ።"

አየሁ። ጆሯቸው ሁሉ ደህና ነው፤ ስንጥቅም ቁራጭም የለበትም።

የምሰጣት ነገር ፈለግሁ። ዳቦ? ጨርቅ? ምን ይሰጣል? ዳማሪስ ወንበር ልታመጣላት ገባች። ናሹማ አልጠበቀቻትም። ልትሄድ ዞረችና መለስ ብላ አየችኝ። ያኔ እንዳደረገችው ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ጠየቀችኝ።

"አሁን… በዚህ ከተማ… አለህ?"

"አዎ" አልኳት። "አለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች። ልጁን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አዝላ ወደ ወንዙ ወረደች።

አሳሞቹ ጎመኑን እየጨረሱት ነው። የሚያባርራቸው የለም።